ውሸተኛው ሠርግ በድሬ፦ የብራዚል ዓይነት ሙዚቃዊ ኮሜዲ በሰፈር አዳራሽ ማዘጋጀት

በብራዚል ሰኔ ሲገባ ትምህርት ቤቱም ሰፈሩም ሠርግ ይደግሳል፤ ሠርጉ ግን የውሸት ነው። ሙሽራው ሊያመልጥ ይሞክራል። የሙሽሪት አባት ጠመንጃውን ይዞ መውጫው ላይ ይቆማል። ቄሱ ቶሎ ጨርሶ መሄድ ይፈልጋል፤ የፖሊስ አዛዡ ሳይጠሩት ይገባል። ሲያልቅ ሁሉም ጥንድ ጥንድ ሆኖ ኳድሪልያ የተባለውን ጭፈራ ይጨፍራል። በዓሉ ፌስታ ዡኒና ይባላል። የሚከበረው በቅዱስ አንቶኒዮ (በእኛ አቆጣጠር ሰኔ 6)፣ በቅዱስ ዮሐንስ (ሰኔ 17) እና በቅዱስ ጴጥሮስ (ሰኔ 22) ቀናት ዙሪያ ነው። የአንቶኒዮ ዋዜማ ሰኔ 5 ደግሞ የፍቅረኞች ቀን ነው።

ስለ ወጣትነት፣ ስለ ቤተሰብና ስለ ፍቅር ቀለል ያለ ሙዚቃዊ ኮሜዲ መሥራት ለሚፈልግ የድሬዳዋ ወይም የሐረር የወጣቶች ቡድን ከዚህ የተሻለ መነሻ የለም። ሽማግሌ መላክ፣ አባት ማሳመን፣ ሚዜ መለመን ምን እንደሆነ ተመልካቹ ሳይነገረው ያውቃል። እናንተ የምትጨምሩለት ምቱንና ጭፈራውን ነው።

ብራዚል ሌላም መንገድ አላት፤ ሻንሻዳ ይባላል። እ.ኤ.አ. ከ1930ዎቹ እስከ 1950ዎቹ የሪዮ ስቱዲዮዎች፣ በተለይም በ1941 የተመሠረተው አትላንቲዳ፣ ለካርኒቫል ሰሞን ያወጧቸው የነበሩ ዘፈን የበዛባቸው አስቂኝ ፊልሞች ናቸው። ከእነሱ ሁለት ነገር ውሰዱ፦ እንደ ኦስካሪቶና ግራንዲ ኦቴሎ ዓይነት ጠባያቸው የማይገጥም ጥንድ ኮሜዲያንና በስህተት የተለዋወጠ ሰው ወይም ዕቃ። ታሪኩን አቁሞ የሚዘፈነውን የምሽት ክበብ ዘፈን ግን ተዉት። ፊልም ላይ መብራትና ልብስ ይሸከመዋል፤ በሰፈር አዳራሽ ታሪክ ያልያዘ ዘፈን ሲጀመር ሰው ስልኩን ያወጣል።

ታሪኩ

ጠቅላላው 55 ደቂቃ ይሁን፤ እረፍት አያስፈልገውም። ስድስት ዘፈን ይበቃል፤ አምስቱ ከ3 ደቂቃ አይበልጡ፣ የመጨረሻው ጭፈራ 5 ደቂቃ ይውሰድ። ቀሪው 35 ደቂቃ ንግግር ነው። ዘፈን ተጀምሮ ሲያልቅ አንድ ነገር ተለውጦ መገኘት አለበት፦ አንዱ ወስኖ፣ ወይም ዋሽቶ፣ ወይም መስማት የማይገባውን ሰምቶ። መፈተኛው ቀላል ነው። ዘፈኑን ከጽሑፉ አውጥታችሁ ታሪኩን ለማያውቅ ሰው አንብቡለት፤ ያለ ችግር ከገባው ዘፈኑ ትርፍ ነውና ይውጣ።

ለምሳሌ የሚሆን ታሪክ ይኸው። አባትየው የምድር ባቡር ጡረተኛ ነው፤ ሰፈሩ «ሼፍ» (በፈረንሳይኛ አለቃ) ይለዋል። ባቡሩ ቢቀርም ፊሽካውና ቀይና አረንጓዴ ባንዲራው አልቀሩም፤ ቤቱን በሰዓት ያስተዳድራል። ሴት ልጁ የባጃጅ ሾፌር ትወዳለች። ልጁ ሽማግሌ ሲልክ «ሰማያዊው በር ነው» ብሎ ይነግራቸዋል። በዚያው ጠዋት ሼፍ፣ ጎረቤቱ «እትዬ ቡና» የበሩን ቀለም ቀዳችብኝ ብሎ ተናዶ፣ የራሱን በር አረንጓዴ ቀብቶታል። ሽማግሌዎቹ ሰማያዊውን በር ያንኳኳሉ። እትዬ ቡና ባሏ የሞተባት ናት፤ ሽማግሌዎቹ እንደ ወጉ ስም ሳይጠሩ ዙሪያውን ስለሚናገሩ፣ ጎረቤቷ ሼፍ ለእሷ የላካቸው ይመስላታል። ትስማማለች። ልጁን አልሰጥም ያለው አባት ሳያውቅ ራሱ ታጨ። ከዚያ በኋላ አባት ልጁን ምክር ለመጠየቅ ይገደዳል፤ ልጅቱም ቅድመ ሁኔታ ታወጣለች። ሁለቱ ሠርግ በአንድ ቀን ያልቃል።

ይህን ብትወስዱም የራሳችሁን ብትጽፉም ስህተቱ የሚነሣበትን ምክንያት ተመልካቹ በዓይኑ ይይ። በሩ ሲቀባ ካላየ፣ «ተቀብቷል» ብላችሁ በንግግር ብትነግሩት ግማሹ አይሰማም፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሳቅ ሁሉ ይጠፋል።

የብራዚሉን ሠርግ እንዳለ ማምጣት አይቻልም። አራት ቦታ ላይ መቀየር አለበት። ጠመንጃው ይቅር፤ የውሸትም ቢሆን አዳራሽ ውስጥ የመሣሪያ ቅርጽ ከፖሊስ ጋር ያነታርካል፣ ፊሽካና ባንዲራ ደግሞ የበለጠ ያስቃሉ። ቄሱም ይቅር። ቄስም ሼህም መድረክ ላይ መቀለጃ ሆነው ሲቀርቡ ከታዳሚው አንዱ ወገን ይከፋዋልና በምትካቸው የክብር መዝገብ ሹም አስገቡ፤ ማኅተሙ የጠፋበት ሹም ከማንም በላይ ያስቃል። በብራዚል ሙሽሪት ብዙ ጊዜ ነፍሰ ጡር ሆና ትቀርባለች፤ እዚህ ግን አያትና ልጅ አብረው ስለሚመጡ አያስኬድም። አራተኛው ፊት ላይ ነጠብጣብ መቀባት፣ ጥርስ ማጥቆር፣ የተጣጣፈ ልብስ መልበስ ነው። ያ የገጠሩን ሰው ማሾፊያ ነበር፤ ከወረዳ ዘመድ የሌለው የድሬ ቤተሰብ ስለሌለ ሳቁ ይመክናል።

ለገጸ ባሕርያቱ ከስም ይልቅ ቅጽል ስም ስጡ። ስም ሃይማኖትንና ብሔርን ያሳብቃል፤ ተመልካቹ ማን ማንን አገባ ብሎ መቁጠር ከጀመረ ኮሜዲው አለቀ። ሼፍ፣ እትዬ ቡና፣ ባጃጅ፣ ሹሙ፣ ይበቃል።

ሁለቱ ሽማግሌዎች የእናንተ ጥንድ ኮሜዲያን ናቸው። አንዱ ፈጣንና ምላሰኛ፣ ሌላው ቀስ ብሎ የሚሄድ፣ ሲናገር ግን ዱላ የሚጥል ይሁን፦

ፈጣኑ፦ ሰማያዊው በር ነው የተባልነው።
ቀሰስተኛው፦ (በሩን ለረጅም ጊዜ አይቶ) ሴት ልጅ አለበት?
ፈጣኑ፦ አቦ! ሴት ልጅ የሌለበት ቤት ድሬ ውስጥ አይተህ ታውቃለህ?
ቀሰስተኛው፦ የኔ።
ፈጣኑ፦ ያንተ ቤትማ በርም የለውም!

ሳቁ የሚመጣው «የኔ» ላይ ነው። ስለዚህ ከእሱ በፊት ሁለት ሰከንድ ዝምታ ይኑር፣ ከእሱ በኋላ ደግሞ ፈጣኑ ሳቁ እስኪወርድ ይጠብቅ። ሳቁ ፍጹም እስኪያልቅ ከጠበቀ ግን ዘገየ፤ ግማሹ ሲወርድ መግባት አለበት። ይህን ያለ ተመልካች መለማመድ አይቻልምና በሦስተኛው ሳምንት አምስት ስድስት የሰፈር ልጆች አስቀምጣችሁ ሞክሩት።

ቋንቋን በተመለከተ፣ ድሬ በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማልኛ ትቀላቅላለች፤ እናንተም ቀላቅሉ። አንድ ደንብ ብቻ ያዙ፦ ታሪኩን የሚያራምደው ዓረፍተ ነገር በአማርኛ ይሁን፣ ስድቡና ፍቅሩ በወደደው ቋንቋ ይሁን። በሌላ ቋንቋ የተባለው ነገር አስፈላጊ ከሆነ የሚሰማው ገጸ ባሕርይ በመልሱ ውስጥ ይድገመው። ሐረር ላይ ሐረሪኛ ይጨመርበታል፤ ደንቡ ያው ነው።

ምቱ

ብዙ ቡድን የሚወድቀው እዚህ ነው፤ ስለዚህ ጊዜ ስጡት። ለዚህ ሠርግ የሚስማማው ሳምባ ሳይሆን ባያውን የተባለው የሰሜን ምሥራቅ ብራዚል ምት ነው። ዘፋኙና አኮርዲዮን ተጫዋቹ ሉዊዝ ጎንዛጋ በ1940ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ያስፋፋው ይህ ምት ሦስት መሣሪያ ይበቃዋል፦ ሳንፎና የሚሉት አኮርዲዮን፣ ዛቡምባ የተባለው ጠፍጣፋ ትልቅ ከበሮ፣ እና ባለ ሦስት ማዕዘን ብረት።

ብረቱን ብየዳ ቤት አሠሩ። ጥርስ የሌለው 10 ሚሊ ሜትር ክብ ብረት 66 ሳንቲ ሜትር ይቆረጥ፤ በየ22 ሳንቲ ሜትሩ ይታጠፍ። ሁለቱ ጫፎች እንዳይነኩ አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ክፍተት ይተው። ብየዳ ቤቱ «ልዝጋልህ» ይላል፤ አይዝጋ። ጫፉ ከተበየደ ድምፁ ታፍኖ እንደ ድስት ክዳን ይሆናል። ለግንብ የሚገባው ጥርሳም ፌሮም አይሆንም፤ መምቻው ጥርሱ ላይ እየተንቀጫቀጨ ምቱን ያበላሻል። ለመምቻ ከዚያው ብረት 15 ሳንቲ ሜትር ይበቃል።

ለዛቡምባ ምትክ የባህል ከበሮ ያዙ፤ የቤተ ክርስቲያን ከበሮ አትዋሱ። በአንገት አግድም ይንጠልጠል። ቀኝ እጅ ሰፊውን ፊት 25 ሳንቲ ሜትር ዱላ ጫፉ ላይ ጨርቅ ተጠቅልሎበት ይመታል፤ ግራ እጅ ጠባቡን ፊት በቀጭን ልምጭ ይነካል። መዳፍ አይሠራም፤ ወፍራሙና ቀጭኑ ድምፅ ካልተለዩ ባያውን አይሰማም። ለአኮርዲዮን ኪቦርድ ላይ ያለውን የአኮርዲዮን ድምፅ መጠቀም ይቻላል። በአሊ ቢራ ከተማ ኡድ የሚነካ ሰው አይጠፋም፤ ኡድ ከተገኘ ለሼፍና ለእትዬ ቡና ዘፈን አስቀምጡት፤ የወጣቶቹን በኪቦርድ፣ የትልልቆቹን በኡድ ብታደርጉ ተመልካቹ ዘፈኑ የማን እንደሆነ በመጀመሪያው ድምፅ ያውቃል።

አሁን አቆጣጠሩ። አንዱ ዙር ስምንት ቁጥር ነው። ብረቱ ስምንቱንም ይመታል፤ በግራ እጅ ጣቶች ታፍኖ ይቆይና 3 እና 7 ላይ ብቻ ጣት ይለቀቃል፣ ያኔ ይጮኻል። ከበሮው ወፍራሙን 1 እና 4 ላይ፣ ልምጩን 7 ላይ ያሳርፋል። ለማስያዝ «ድሬዳዋ ድሬዳዋ» እያላችሁ ምቱ፦ ብረቱ «ዳ» ላይ ይከፈታል፤ ወፍራሙ ከበሮ በመጀመሪያው «ድ» እና በመጀመሪያው «ዋ» ላይ ይወድቃል። (የሐረር ልጆች ቅር አይበላችሁ፤ የከተማችሁ ስም ለዚህ ምት አጠረ።)

የሚበላሸው እንዲህ ነው። የእኛ ከበሮ መቺ እጁ ችክችካ ለምዷል፤ ችክችካ አንዱን ምት ለሦስት ይከፍላል፣ ባያውን ለአራት። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ከበሮው ሳይታወቀው ወደ ሦስት ይንሸራተታል፣ ጨፋሪውም ትከሻውን መምታት ይጀምራል፣ ሕዝቡም በጭብጨባ ያግዘዋል። ከዚያ መመለሻ የለም። መፍትሔው ብረቱን የሚይዘው ሰው ላይ ነው፦ ቡድኑ ውስጥ ከሁሉ የማይደናገጠውን ሰው ስጡት፣ ከከበሮው ጎን አንድ ሜትር ላይ አቁሙት፣ ከበሮው እሱን እንጂ ጭብጨባውን እንዳይሰማ። በልምምድ ስልክ ላይ ያለ ሜትሮኖም ተጠቀሙ፤ በደቂቃ 80 ጀምሩ፣ በየሳምንቱ 5 ጨምሩ፣ 100 ላይ አቁሙ። እዚህ አንድ ምት ማለት ከስምንቱ አራት ቁጥር፣ አንድ «ድሬዳዋ» ነው። ከ110 በላይ ከሄደ ግጥሙ አይሰማም።

ሆን ብላችሁ ግን አንድ ጊዜ ወደ ችክችካ መሻገር ትችላላችሁ፤ ሁለቱ ሠርጎች ሲገጣጠሙ፣ በመጨረሻው ጭፈራ የመጨረሻ ደቂቃ ላይ። ሼፍ ፊሽካ ሲነፋ ሁሉም ለአራት ምት ዝም ይላል፣ ከዚያ በችክችካ ይነሣል። አዳራሹ የሚፈነዳው ያኔ ነው። ቀድሞ ከተነካካ ግን አይሠራም።

ዜማውን ራሳችሁ ሥሩ። የታወቀ የብራዚል ዘፈን ወስዶ በአማርኛ ግጥም መክተት በአዋጅ ቁጥር 410/1996 የባለመብቱን ፈቃድ ይጠይቃል፤ ደግሞም ቃሉ ዜማው ላይ አይቀመጥም። ትዝታ ሜጀር (ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ) በባያውን ምት ላይ ሳይጋጭ ይቀመጣል። የብራዚሉን ቀለም ለማምጣት ኪቦርዱ አልፎ አልፎ ዝቅ ያለችውን ሲ ይንካ፤ ዘፋኙ አይንካት፣ ይስታል። የዘፈኑን ቁልፍ ከኪቦርድ ተጫዋቹ ምቾት ሳይሆን ከዘፋኙ ጉሮሮ ተነሥታችሁ ምረጡ፦ ከፍተኛው ድምፅ ሳይጮኽ ሦስት ጊዜ ተከታትሎ መውጣት አለበት።

ጭፈራውና አባትየው

ኳድሪልያ ከአውሮፓ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ወደ ብራዚል የሄደ የቤተ መንግሥት ጭፈራ ነው። የሚመራው ሰው ትእዛዝ ይጮኻል፣ ጥንዶቹ ይታዘዛሉ። ትእዛዞቹ እስከ ዛሬ የተሰባበረ ፈረንሳይኛ ናቸው፤ «አላቫንቱ» ሲባል ሁሉም ወደ ፊት፣ «አናሪዬ» ሲባል ወደ ኋላ። የፈረንሳዮቹን የባቡር ቋንቋ ስትሰማ ላደገች ድሬ ይህ የተዘጋጀ ስጦታ ነው። ስለዚህ ጭፈራውን የሚመራው ሼፍ ራሱ ይሁን፤ በፊሽካና በባንዲራ፣ እንደ ጣቢያ። አረንጓዴ ሲያነሣ ይሄዳሉ፣ ቀይ ሲያነሣ ይቆማሉ። እስከዚያ ድረስ ልጁን ሲከለክል የነበረው ሰው ሠርጉን ራሱ ሲያጨፍር ታሪኩ ያለ ንግግር ተዘጋ ማለት ነው።

ስምንት ጥንድ ያስፈልጋል፤ ከስድስት ካነሰ ቅርጹ አይታይም። ቦታው ቢያንስ 6 ሜትር በ6 ሜትር ይሁን፤ መድረኩ ከጠበበ ወለሉ ላይ ጨፍሩ፣ ተመልካቹን በሦስት ጎን አስቀምጡ። ተቃራኒ ጾታ እጅ ለእጅ መያያዝ የማይፈቅዱ ቤተሰቦች አሉ፤ ልምምድ ከተጋመሰ በኋላ ልጃቸውን ሲያስቀሩ ጥንዱ ይጎድላል። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ጥንዶቹ የአንድ ሜትር ሻርፕ ሁለት ጫፍ ይያዙ። ችግሩ ይቀራል፣ ከሩቅም ቅርጹ ይበልጥ ያምራል።

ቅደም ተከተሉ፦ ጥንዶቹ በሰልፍ ገብተው ክብ ይሠራሉ፣ 32 ምት። በሁለት ረድፍ ፊት ለፊት ይቆሙና «አላቫንቱ» 8 ምት ወደ ፊት፣ «አናሪዬ» 8 ምት ወደ ኋላ፣ ሁለት ጊዜ። ከዚያ ዋሻው፦ የመጀመሪያው ጥንድ ሻርፑን ከፍ አድርጎ ይቆማል፣ ቀጣዩ ሥር አልፎ ከፊቱ ይቆማል፣ እስከ መጨረሻው። ዋሻው ለስምንት ጥንድ 64 ምት ይወስዳል፤ ከዚህ በታች ከተጣደፈ ረጃጅሞቹ ጎንበስ ሲሉ ይጋጫሉ። ቀጥሎ ወደ እርሻ የሚወስደው መንገድ ነው፤ ሁሉም በሰልፍ ሲሄድ መሪው «ዝናብ መጣ!» ይላል፣ ሁሉም ዞሮ ይሮጣል፤ «ውሸት ነው!» ሲል ተመልሶ ይጓዛል። «እባብ!»፣ ጩኸት፤ «ውሸት ነው!»።

ይህን ክፍል የራሳችሁ አድርጉት። ድሬ ላይ «ባቡር መጣ!» ሲባል ሁሉም ሻንጣ አንሥቶ ይሮጣል፣ «ውሸት ነው!» የሚለውን ሕዝቡ ራሱ ይጨርሰዋል። «መብራት መጣ!» ደግሞ ሌላው ነው። ሐረር ላይ «ጅብ መጣ!» ሲባል ማንም አይሮጥም፣ አንዱ ብቻ ሥጋ ያወጣል። «ደቻቱ ሞላ!» የሚለውን ግን አትንኩት። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ወንዙ ሞልቶ ብዙ ሰው የወሰደባት ከተማ ናት፤ አዳራሹ ውስጥ ሰው የሞተበት ቤተሰብ አለ።

ከሦስት ሐሰተኛ ማስጠንቀቂያ በላይ አታድርጉ። አራተኛው ላይ ማንም አይስቅም።

ጊዜው

በሰኔ ማቅረብ ያጓጓል፤ በሦስት ምክንያት ተዉት። ተማሪው ፈተና ላይ ነው፣ ድሬ በግንቦትና በሰኔ ሙቀቷ ጫፍ ላይ ነው፣ በኦርቶዶክሱ ዘንድም የሐዋርያት ጾም ነውና የውሸትም ቢሆን ሠርግ መደገስ የማይወዱ አሉ። ጾሙ በሐምሌ 5 በጴጥሮስ ወጳውሎስ ይፈታል። ስለዚህ ከሐምሌ 6 እስከ 15 ባለው ውስጥ አንድ ቅዳሜና እሑድ ምረጡ። ከዚያ በኋላ አትግፉት፤ ሐምሌ 19 የቁልቢ ገብርኤል ነው፣ መኪናውም ፖሊሱም የድምፅ መሣሪያ አከራዩም ወደዚያ ይሄዳል።

ልምምዱ ስምንት ሳምንት፣ በሳምንት ሦስት ቀን፣ በቀን ሁለት ሰዓት። ፈተናው ሁለት ሳምንት ስለሚበላ ሚያዝያ መጨረሻ ላይ ጀምሩ። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት ምትና ዘፈን ብቻ፤ ጭፈራው ከዚያ ይግባ፤ ንግግሩ በጎን ይጠና። ብዙ ቡድን በተቃራኒው ንግግሩን አስቀድሞ ጭፈራውን ለመጨረሻ ሳምንት ይተዋል፤ ጭፈራ ደግሞ በአንድ ሳምንት አይገባም። ሰዓቱ ከጠዋቱ 1 እስከ 3 ቢሆን ይሻላል። ከሰዓት በኋላ ከበርጫ ጋር ትጋጫላችሁ፤ በምርቃና የመጣ ተዋናይ ንግግሩን በእጥፍ ያስረዝማል፣ አፉ ደርቆ ዘፈኑ አይወጣለትም።

ትዕይንቱ ምሽት 2 ሰዓት ይጀምር። መግሪብም ኢሻም አልፏል፤ አዛን በዘፈን መሃል አይገባም፣ የሰገደውም ይደርሳል። 3 ሰዓት ላይ ካለቀ ባጃጅ አለ፣ ቤተሰብም ሴት ልጁን ለመላክ አይፈራም። የፈቃድ ደብዳቤው ለአዳራሹ አስተዳደርና ለቀበሌው ከሦስት ሳምንት በፊት ይግባ፣ ግልባጩ ለፖሊስ።

መድረኩ፣ ድምፁ፣ ልብሱ

መድረክ ላይ አንድ በር ብቻ ይበቃል፤ በአንድ ፊቱ ሰማያዊ፣ በሌላው አረንጓዴ፣ ዞር ሲል ቤቱ ይቀየራል። የበሩ ክፈፍ 2 ሜትር በ80 ሳንቲ ሜትር ሆኖ በሞራሌ ይሠራ፣ ከታች በየጎኑ የአንድ ሜትር እግር ይኑረው። ሼፍ በንዴት ሲዘጋው ይወድቃልና በየእግሩ ላይ 15 ኪሎ አሸዋ በማዳበሪያ ጆንያ አስቀምጡ፤ አሸዋ ድሬ ውስጥ ችግር አይደለም። በሩ ሲቀባ የሚታየው ቀለም በውሃ የሚለቅ ይሁን፤ የዘይት ቀለም ከሆነ በሁለተኛው ምሽት ሰማያዊ በር የላችሁም።

ለብራዚል ሰኔ ምልክቱ በገመድ ላይ የሚንጠለጠል ባለቀለም የወረቀት ባንዲራ ነው። እያንዳንዱ 15 በ23 ሳንቲ ሜትር ይቆረጥ፤ 3 ሳንቲ ሜትሩ በሲባጎው ላይ ታጥፎ ይለጠፍ፣ ከታች መሃሉ ላይ በማዕዘን ይቆረጥ። በባንዲራዎቹ መሃል 5 ሳንቲ ሜትር ከተተወ 10 ሜትር ሲባጎ 50 ባንዲራ ይይዛል። ስድስት ገመድ 300 ባንዲራ ነው፤ 50 በ70 ከሆነው ወረቀት ዘጠኝ ስለሚወጣ 35 ወረቀት ግዙ። የጣሪያ ማራገቢያ ካለ ቢያንስ አንድ ሜትር ይራቅ። ደመራ የሚመስለውን እሳታቸውን በብርቱካንማ ጨርቅ፣ በትንሽ ማራገቢያና በአንድ አምፖል አስመስሉ። እሳት የሚያበሩበትን የወረቀት ፊኛ ማስነሣት ግን ብራዚል ራሷ በ1998 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ሕግ ወንጀል ነው፤ እናንተም አትሞክሩት።

ለሴቶቹ ቀሚስ ከአሸዋ ገበያ አበባማ የድርያ ጨርቅ ምረጡ፤ ቀላል ነው፣ ሲዞሩ ይነሣል፣ አያሞቅም። ለአንድ ባለ ሁለት ደረጃ ጉርድ 1.15 ሜትር ስፋት ካለው ጨርቅ 2 ሜትር ይበቃል፦ የላይኛው ደረጃ 40 ሳንቲ ሜትር ከፍታና 1.5 ሜትር ዙሪያ፣ የታችኛው በዚያው ከፍታ 3 ሜትር ዙሪያ ተሸብሽቦ። ወንዶቹ ባለ መስመር ሸሚዝና ሰሌን ባርኔጣ። ሼፍ ብቻ ሽርጥ በኮት ይልበስ፤ ቤቱም ቢሆን ሥራ ላይ ነው።

የቆርቆሮ ጣሪያ ያለው አዳራሽ ድምፅ ያስተጋባል፤ የኋላ ግድግዳው ላይ የሠርግ ድንኳን ጨርቅ ወይም ምንጣፍ ስቀሉ። ሁለት ማይክ በመድረኩ ጠርዝ ቆሞ፣ አንድ ለሼፍ በእጅ፣ አንድ ለኪቦርድ። ስፒከሮቹ ከማይኮቹ ፊት ይቀመጡ እንጂ ከኋላ አይሁኑ፤ ከኋላ ከሆኑ ማይኩ ይጮኻል፣ ባለሙያውም ድምፁን ቀንሶ ቃሉን ያጠፋዋል። ከበሮና ብረት ማይክ አያስፈልጋቸውም። መብራት ሲጠፋ ጨዋታው እንዳይቆም በትልቁ ድንጋይ የሚሠራ ትንሽ ኪቦርድ በእጅ ይኑር፤ ጄኔሬተር ካለ ነዳጁ ከመጀመሩ በፊት ይሞላ፣ ከግድግዳው ጀርባ ነፋሱ ወደማይመጣበት ጎን ይቀመጥ።

ሐምሌ ላይ ዝናብ ከመጣ በቆርቆሮው ጩኸት ንግግር አይሰማም። ጮኾ መታገል ድምፅ ከመጨረስ በቀር ፋይዳ የለውም። ሼፍ ቀይ ባንዲራ ያንሣ፣ ባንዱ የመጀመሪያውን ዘፈን ምት ያለ ቃል ይዙር፣ ተዋናዮቹ ባሉበት ይጨፍሩ፤ ዝናቡ ሲቀንስ አረንጓዴ ይነሣል፣ የተቋረጠው ንግግር ከአንድ ዓረፍተ ነገር በፊት ጀምሮ ይቀጥላል። ይህንን በልምምድ ሁለት ጊዜ ሞክሩት።

የሚሸጥ ነገር ካስፈለገ ፈንዲሻና የተቀቀለ በቆሎ፤ ብራዚሎቹም የሰኔ ድግሳቸው በቆሎና ለውዝ ነው። የባቢሌ ለውዝ በእጅ ስላለ ሌላ አትፈልጉ፣ ግን ተፈልፍሎ በትንሽ ወረቀት ተጠቅልሎ ይሸጥ። ከነልጣጩ ከሸጣችሁ የሽማግሌዎቹ ዝምታ በሙሉ በመሰባበር ድምፅ ይሞላል፣ ወለሉም ለጨፋሪው ያንሸራትታል።

ከመጀመሪያው ምሽት በኋላ ጽሑፉን ለማስተካከል ሁሉም ይነሣል። የሳቀበትን ሳይሆን ያልሳቀበትን ቦታ ብቻ ምልክት አድርጉ፤ ከአንድ ገጽ በላይ አትቀይሩ። የጭፈራውን ቅደም ተከተል ፈጽሞ አትንኩ፤ አሥራ ስድስት ሰው በአንድ ሌሊት አዲስ ዋሻ አይማርም።